ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፦ የሕክምና እውቀትና የሕዝብ አመኔታ

አንድ ድልድይ የሚሸከመው ክብደት በስሌት ይታወቃል። በድልድዩ ላይ የሚያልፈው መንገደኛ ግን ስሌቱን መርምሮ አይሻገርም። የሚሻገረው ከእርሱ በፊት ሌሎች በደኅና ማለፋቸውን ስለ ሰማና ሠሪውን በስም ወይም በሥራ ስለሚያውቀው ነው። በሕክምናም ያለው ሁኔታ ከዚህ የራቀ አይደለም። የመድኃኒት ፈዋሽነት በምርመራና በቁጥር ይረጋገጣል፤ ታማሚው ክንዱን ለመርፌ የሚዘረጋው ግን ስለ ሐኪሙና ስለ መድኃኒቱ የተነገረውን አምኖ ነው። ወረርሽኝ በሚነሣበት ጊዜ ይህ ነገር የሕይወትና የሞት ጥያቄ ይሆናል። በአገራችን የዘመናዊ ሕክምና ታሪክ ውስጥ ይህን ጥያቄ ለመመርመር የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሕይወት ሰፊ ትምህርት ይሰጣል።

ወርቅነህ እሸቴ በ1857 ዓ.ም. በጎንደር ተወለዱ። ከቤተሰባቸው ጋር በመቅደላ አምባ ሳሉ፣ በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ያዘ፤ አፄ ቴዎድሮስም ራሳቸውን ሠዉ። በዚያ ትርምስ መካከል ከወላጆቹ የተለየው የሦስት ዓመት ሕፃን በእንግሊዝ መኰንኖች እጅ ገባ። ኮሎኔል ቻምበርሌን የተባሉ መኰንን ወደ ሕንድ ወሰዱት። እርሳቸው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲሞቱ ኮሎኔል ማርቲን የተባሉ ሌላ መኰንን የትምህርቱን ወጪ ችለው አስተማሩት። ከአሳዳጊዎቹ ስም ተውጣጥቶም ሕፃኑ ቻርልስ ማርቲን ተባለ። የተወለደበት ስም፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋውና የወላጆቹ ታሪክ ሁሉ መቅደላ ላይ ቀሩ።

ወጣቱ በፑንጃብ ምድር በሚስዮን ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ በላሆር የሕክምና ኮሌጅ ገብቶ በ1874 ዓ.ም. ተመረቀ። ያ ዓመት ጀርመናዊው ሮበርት ኮኽ የሳንባ ነቀርሳን ጀርም ማግኘቱን ለዓለም ያስታወቀበት ዓመት ነበር። ስለዚህ ወርቅነህ ሙያውን የጀመሩት፣ በሽታ በዓይን ከማይታዩ ረቂቅ ሕዋሳት ይመጣል የሚለው አሳብ በሐኪሞች ዘንድ እንኳ ገና አዲስ በነበረበት ጊዜ ነው። ኋላም በስኮትላንድ ተጨማሪ ትምህርት ተከታትለው በበርማ በእንግሊዝ መንግሥት የሕክምና አገልግሎት ተቀጠሩ።

በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ሕንድ አስተዳደር በሕክምናና በሕዝብ መካከል የተፈጠረው ክፍተት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ በግልጽ የታየበት ስፍራ ነበር። በ1889 ዓ.ም. የአይጥ ወረርሽኝ በቦምቤይና በፑና በተስፋፋ ጊዜ ወታደሮች ቤት እየሰበሩ ታማሚ ይፈልጉ፣ ዕቃ ያቃጥሉ፣ ሴቶችን በአደባባይ ይመረምሩ ነበር። እርምጃው በሽታውን ለመግታት ታስቦ የተወሰደ ቢሆንም ሕዝቡ የተቀበለው የባዕድ ገዥ ውርደት አድርጎ ነው። ቍጣው እየጋለ ሄዶ የፑና የወረርሽኝ ኮሚሽነር በጥይት ተገደለ። በ1895 ዓ.ም. ደግሞ ወርቅነህ በተማሩበት በፑንጃብ፣ ሙልኮዋል በምትባል መንደር ከአንድ የተበከለ ጠርሙስ የተከተቡ 19 ሰዎች በቲታነስ ሞቱ። ክትባቱን የፈለሰፈው ሳይንቲስት ሃፍኪን ከጥፋቱ ነጻ መሆኑ የተረጋገጠው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ክትባቱ የብዙ ሺህ ሰዎችን ሕይወት ያተረፈ ሆኖ ሳለ የ19ኙ ሞት ወሬ ከቁጥሩ ሁሉ ቀድሞ በየመንደሩ ደረሰ።

የዐድዋ ድል ዜና በ1888 ዓ.ም. ዓለምን ባናወጠ ጊዜ ወርቅነህ በበርማ ነበሩ። የትውልድ አገራቸው ስም በየጋዜጣው ሲነሣ የመመለስ ፍላጎታቸው በረታ። በ1892 ዓ.ም. ገደማ ፈቃድ አግኝተው በዘይላና በሐረር በኩል አድርገው አዲስ አበባ ገቡ። አማርኛ የማያውቁ፣ የእንግሊዝ ልብስ የለበሱ፣ በእንግሊዝ ስም የሚጠሩ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ነበሩ። በመቅደላ ስለ ጠፋው ልጅ መመለስ ወሬው ሲናኝ አንዲት አሮጊት የልጅ ልጄ ነው ብለው መጡ። አያቲቱ ለቃላቸው ማረጋገጫ የሚሆን ምልክት ያውቁ ነበር። በሕፃኑ ክንድና እግር ላይ የነበረውን ጠባሳ ገና ሳያዩ ተናገሩ፤ ሲታይም እንዳሉት ሆኖ ተገኘ። ስሙ ወርቅነህ መሆኑንም የነገሩት እርሳቸው ናቸው።

ይህ ታሪክ በከተማው የተወደደበት ምክንያት ለመረዳት አያስቸግርም። የጠፋ ልጅ መገኘቱ ብቻውን ልብ ይነካል። ከዚያም በላይ አሳቡ የተረጋገጠው በሚታይና በሚዳሰስ ማስረጃ ነበር፤ ማስረጃውንም ያቀረቡት ሕዝቡ የሚያምናቸው ባልቴት ናቸው። ስለዚህ ወርቅነህ ለከተማው ሰው ከባሕር ማዶ የመጡ እንግዳ ሐኪም መሆናቸው ቀርቶ፣ ዘመድ ያላቸው፣ የአገሩ ልጅ ሆኑ። ሕሙማንን ያለ ክፍያ ማከማቸውም ይህን አጸናው። በላሆርና በስኮትላንድ ያገኙት ዲፕሎማ በአራዳ ገበያ ብዙ ትርጉም አልነበረውም። በአራዳ የተነበበው ዲፕሎማ በክንዳቸው ላይ ያለው ጠባሳ ነው ማለት ይቻላል።

በዚያን ጊዜ አራዳ የከተማው ጆሮና አንደበት ነበረች። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ በሚቆመው ገበያ ከየአውራጃው የመጣ ነጋዴ፣ ባላገር፣ ወታደርና ካህን ይገናኛል። አዋጅ በነጋሪት ይነገራል፤ ወንጀለኛ በአደባባይ ይቀጣል፤ የቤተ መንግሥቱ ነገር በሹክሹክታ ይወራል። ጋዜጣ የሚያነበው ሰው እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ ዜና ሁሉ የሚደርሰው በሰው አፍ ተላብሶና ተቀባብቶ ነው። የሕክምናም ነገር እንዲሁ ነበር። ከዐድዋ ጦርነት በኋላ የሩስያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች በከተማው ሆስፒታል አቋቁመው ቁስለኞችንና ሕሙማንን ሲያክሙ፣ ስማቸው የተሰማው የዳነው ሰው ወደ አገሩ ተመልሶ ባወራው መጠን ነው።

ሕዝቡ አዲስ ሕክምናን ሁሉ በደፈናው የሚጠላ ነው የሚለው አባባል በታሪክ አይደገፍም። ፈንጣጣን ለመከላከል ከታመመ ሰው ቁስል ፈሳሽ ወስዶ በጤነኛ ሰው ክንድ ላይ በጥቶ ማኖር በኢትዮጵያ ከጥንት የታወቀ ዘዴ ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዘመን አገሩን የጎበኙ ፈረንጆችም ጽፈውታል። ዘዴው እውነተኛውን ፈንጣጣ የሚያስይዝ በመሆኑ አደጋ ነበረበት፤ ዳሩ ግን ብዙዎችን ከሞት አድኗል። ዘመናዊው የፈንጣጣ መከላከያ በመጣ ጊዜም ቋንቋው ቃል አላጣለትም። በአንገት የሚንጠለጠለው ክታብና በክንድ የሚሰጠው ክትባት ሁለቱም ጻፈ የሚል ትርጉም ካለው ከተበ ከሚለው ግስ ጋር ይዛመዳሉ። አዲሱ ነገር በአሮጌው ቃል ተሸክሞ ወደ ሰው ቤት ገባ።

ወርቅነህ በ1893 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ አገልግሎት ቢመለሱም በ1900 ዓ.ም. ገደማ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው ዳግመኛ መጡ። ወይዘሮ ቀፀላ ቱሉንም አግብተው በአዲስ አበባ ትዳር መሠረቱ። ይህ ወቅት አፄ ምኒልክ በጽኑ የታመሙበት ዘመን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በሽባነት ተይዘው ከአደባባይ ሲርቁ፣ ሐኪሞችም ካህናትም በየበኩላቸው ሊረዷቸው ደከሙ። የበሽታው ዓይነት ለሕዝብ አልተገለጠም። በ1902 ዓ.ም. አካባቢ አንድ ጀርመናዊ ሐኪም ንጉሡ መርዝ ተሰጥቷቸዋል የሚል ክስ ሲያነሡ ነገሩ ወዲያው በከተማው ተዛመተ። አፄ ምኒልክ በታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜም ሞታቸው በአዋጅ አልተነገረም። ሕዝቡ የሚያምነው የሐኪም ቃል ባልተሰጠበት ቦታ ሁሉ ሹክሹክታ ገብቶ ባዶውን ሞላ። ዝምታ ወሬን አያጠፋም፤ ይልቁንም ያበዛዋል።

ሐኪም ወርቅነህ በ1905 ዓ.ም. ወደ በርማ ተመልሰው ስለ ነበር፣ አዲስ አበባን ከሁሉ የከፋው ወረርሽኝ ሲመታት በከተማው አልነበሩም። በዓለም ጦርነት ፍጻሜ ላይ የተነሣው እንፍሉዌንዛ በመርከብና በባቡር እየተጓዘ አህጉራትን ያዳረሰ ሲሆን፣ በመላው ዓለም 50 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል። ከጅቡቲ የሚነሣው የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1909 ዓ.ም. ነበር። በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. በሽታው በከተማይቱ ጸና፤ ኅዳር 12 ቀን፣ በቅዱስ ሚካኤል በዓል አካባቢ፣ ሞቱ ከምን ጊዜም በላይ በረታ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ሳይቀሩ በጽኑ ታመው ለጥቂት ተረፉ። ቤተሰብ በሙሉ በአንድ ጣራ ሥር ወድቆ ውኃ የሚያቀብለው እስኪያጣ፣ አስከሬንም ቀባሪ እስኪያጣ ተደረሰ። በአዲስ አበባ ብቻ የሞተው ሰው ከ9,000 እስከ 10,000 እንደሚደርስ ተገምቷል።

የዚያን ጊዜ የሕክምና ማስረጃ ራሱ ደካማ እንደ ነበር መዘንጋት አይገባም። በከተማው የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ፤ የሚሰጡትም ፈውስ አልነበራቸውም። በአውሮፓ የታወቁ ጠበብት ሳይቀሩ በሽታውን የሚያመጣው ባክቴርያ ነው ብለው ተሳስተዋል። የሰው እንፍሉዌንዛ ቫይረስ ተለይቶ የታወቀው በ1925 ዓ.ም. በለንደን ነው። ስለዚህ የአዲስ አበባ ሰው የደረሰበትን መከራ በራሱ መንገድ መተርጐሙ የሚያስገርም አይሆንም። ገሚሱ የእግዚአብሔር ቍጣ ነው አለ፤ ገሚሱ የተበላሸ አየር ያመጣው ነው አለ፤ በጸሎትና በጭስም ተከላከለ። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተጠርጎ በየደጁ የሚቃጠልበትና ኅዳር ሲታጠን የሚባለው ልማድ በዚያ ወረርሽኝ መታሰቢያነት እንደ ተጀመረ በከተማው ሲነገር ኖሯል።

ጭስ የእንፍሉዌንዛን ቫይረስ አያጠፋም። ዛሬም የጤናና የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎች ጭሱ አየር እንደሚበክልና የሳንባ ሕሙማንን እንደሚጎዳ ያሳስባሉ። ይሁን እንጂ ይህ ልማድ ማንም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሊያደርገው ያልቻለውን አድርጓል። የወረርሽኙን ቀን ከመቶ ዓመት በላይ በልጅና በሽማግሌ ልብ ጠብቋል፤ በዓመት አንድ ቀን ከተማው ሁሉ ደጁን እንዲጠርግም አድርጓል። የሕዝብ ትረካ ሁለት ፊት አለው። አንዱ ፊት ማስረጃን ይጋርዳል፤ ሌላው ፊት ማስረጃ የሚጓዝበትን መንገድ ይጠርጋል። በጭሱ ስሕተት መሳቅ ይቀላል፤ ደጅ መጥረጉን ይዞ ማቃጠሉን ማስተው ግን የትረካውን ኃይል የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው።

ሐኪም ወርቅነህ ከእንግሊዝ አገልግሎት በጡረታ ተሰናብተው በ1911 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። ያገኟት ከተማ ገና ከሐዘን ያልወጣች ነበረች። ከዚህ በኋላ ያለው የሕይወታቸው አቅጣጫ ልብ ሊባል ይገባል። ልምድ ያለው ሐኪም እጅግ በሚፈለግበት አገር፣ ከሕሙማን አልጋ ይልቅ ወደ ትምህርትና ወደ አስተዳደር አዘነበሉ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በበላይነት መሩ፤ የዓለም ጂኦግራፊ መጽሐፍም በአማርኛ አዘጋጅተው አሳተሙ። በልጅነት የተነጠቁትን ቋንቋ በጕልምስና ተምረው የመጽሐፍ ቋንቋ ማድረጋቸው ቀላል ድካም አይደለም። በውጭ አገር ቋንቋ ብቻ የሚነገር እውቀት በአገሩ እንግዳ ሆኖ እንደሚኖር ከእርሳቸው ይበልጥ በራሱ ሕይወት የተማረ ሰው አልነበረም።

ለምህንድስና ሙያም ስማቸው የቀረበ ነው። በ1920 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተልከው በጣና ሐይቅ መውጫ ላይ ስለሚሠራው ግድብ ከጄ. ጂ. ኋይት የምህንድስና ኩባንያ ጋር ተነጋግረዋል። በኋላም የኩባንያው ባለሙያዎች መጥተው የጣናን አካባቢ አጥንተዋል። ከ1922 ዓ.ም. ጀምሮ የጨርጨር ገዥ ሆነው ከአስበ ተፈሪ፣ ከዛሬዋ ጭሮ፣ ባስተዳደሩበት ዘመን ሹማምንት በደመወዝ የሚያገለግሉበት፣ መንገድ የሚሠራበት ሞዴል አውራጃ ለማቋቋም ጥረዋል። በዚህ ሁሉ የተከተሉት ዘዴ አንድ ነው፤ ሰው በወሬ የሰማውን አዲስ ነገር በዓይኑ እንዲያየው ማድረግ።

በ1927 ዓ.ም. በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው በተሾሙ ጊዜ የማስረጃና የአመኔታ ጥያቄ በሌላ መልክ ገጠማቸው። ከታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ጀምሮ የኢጣሊያ ጦር የመርዝ ጋዝ በሕዝብ ላይ አዘነበ፤ የቀይ መስቀል የሕክምና ሰፈሮችንም በቦምብ ደበደበ። በጦር ሜዳ የነበሩ የውጭ አገር ሐኪሞች የተቃጠለውን ገላ አክመዋል፣ አይተውም መስክረዋል። ቢሆንም በአውሮፓ አደባባይ የወራሪው ክህደት ብዙ ጆሮ አገኘ። በላሆርና በስኮትላንድ የተማሩ ሐኪም የገዛ ወገናቸው ቁስል እውነት መሆኑን ለማስረዳት በለንደን ደጅ ጠኑ። በአራዳ ጠባሳቸው ወዲያው ታምኖ ነበር፤ በአውሮፓ ግን የብዙ ሺህ ሰው ጠባሳ ሊታመን አልቻለም። ማስረጃን የማይቀበለው ያልተማረ ሕዝብ ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ ከዚህ በላይ ማፍረሻ አያስፈልገውም።

ከሁሉ የከፋው ሐዘን ተከትሎ መጣ። በእንግሊዝ አገር ምህንድስና ተምረው የተመለሱት ሁለቱ ልጆቻቸው ቤንጃሚንና ዮሴፍ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ነበሩ። ሁለቱም በ1929 ዓ.ም. ከየካቲት 12ቱ እልቂት ጋር በተያያዘ በፋሽስቶች ተገደሉ። ኢትዮጵያ የምህንድስና ሊቃውንቷ በጣት በሚቈጠሩበት ዘመን ከአንድ ቤት ሁለት አጣች። አባታቸው ከስደት ተመልሰው በአዲስ አበባ ከኖሩ በኋላ በ1945 ዓ.ም. በ88 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከእርሳቸው ሞት በኋላ የተፈጸሙ ሁለት ነገሮች የሕይወታቸውን ትምህርት ያጠናክራሉ። ፈንጣጣን ከዓለም ለማጥፋት የተደረገው ዘመቻ በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1963 ዓ.ም. ነው። ከታች ወደ ላይ በተራራና በበረሃ የተጓዙት ከታቢዎች በየመንደሩ ሽማግሌዎችንና ባላባቶችን እያስቀደሙ፣ የበሽተኛውን ፎቶግራፍ እያሳዩ ይጠይቁ ነበር። የመጨረሻው ታማሚ በኦጋዴን የተመዘገበው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ሲሆን፣ በ1972 ዓ.ም. ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱ ለዓለም ተበሠረ። በጉልበት በተሞከረባቸው ቦታዎች ሕዝቡ ሸሽቷል ወይም ተቃውሟል፤ የአገሬው ሰው መሪ በሆነባቸው ቦታዎች ግን ክንዱን ሰጥቷል።

ሁለተኛው የኮሮና ወረርሽኝ ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በታወቀ ጊዜ፣ ከኅዳር በሽታ የተለየ እውቀት በእጅ ነበር። የቫይረሱ ዓይነት በሳምንታት ውስጥ ተለይቷል፤ ክትባቱም በአገሩ በመጋቢት 2013 ዓ.ም. መሰጠት ጀምሯል። ሆኖም ፌጦ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ከገበያ ሲሻሙ፣ በሽታው የፈረንጅ ነው፣ እኛን አይነካም የሚለው ወሬም ሲናፈስ ታይቷል። ወሬው ከአፍ ወደ ስልክ ተዛወረ እንጂ ጠባዩ አልተለወጠም። የታማሚዎች ቁጥር በየቀኑ ይነገር ነበር፤ ነገር ግን ቁጥር ብቻውን ፊትም ስምም የለውም። ብዙ ሰው መጠንቀቅ የጀመረው የሚያውቀው ጎረቤት ሲታመም ነው።

አራዳ ዛሬ የሐኪም ወርቅነህ ዘመን አራዳ አይደለችም። ገበያው በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ወደ መርካቶ ተዛውሯል፤ ከፒያሳ አሮጌ ቤቶችም ብዙዎቹ በ2016 ዓ.ም. ፈርሰው መንገዱ ሰፍቷል። የሰው ልጅ እውቀትን የሚቀበልበት በር ግን ባለበት ነው። ሐኪም ወርቅነህ በመቅደላ ያጡት ስም የተመለሰላቸው በማኅተምና በወረቀት ሳይሆን በአያታቸው ቃልና በገላቸው ምልክት መስማማት ነው። የሚታመን ሰው ቃልና የሚመረመር ማስረጃ አብረው ሲቀርቡ ሕዝብ ይቀበላል። አንዱ ከሌላው ሲለይ ማስረጃው ከመዝገብ ቤት አይወጣም፤ ወሬውም ያለ ልጓም ይሮጣል። የሚቀጥለው ወረርሽኝ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። የውኃ መስመር የሚዘረጋው፣ ሆስፒታል የሚገነባውና የቆሻሻ ማስወገጃ የሚነድፈው ባለሙያ የሥራውን ምክንያት ለነዋሪው በነዋሪው ቋንቋ፣ የታወቀውን ከማይታወቀው ለይቶ፣ ወረርሽኙ ከመድረሱ አስቀድሞ የማስረዳት ግዴታ አለበት።